ከኦብሳ ጋር የተረጎምነው ሰው

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዛሬ ከክፍል ስወጣ ኦብሳ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ኦብሳ በኮሌጃችን ሥነ ዜጋ ያስተምራል፤ እኔ እንግሊዝኛ። ለዓመታት በአንድ ቢሮ ተቀምጠናል። ልጄን ሲናን ስለሚወዳት ስሜን ትቶ “ሃዳ ሲና” ይለኛል፤ የሲና እናት ማለቱ ነው።

“ሃዳ ሲና፣ ሥራ አመጣሁልሽ። ክፍያ የለውም፤ ምስጋናም የለውም።”

ያመጣው አጭር ጽሑፍ ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው የጻፈው። በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎች ዝግጅት ላይ እኔ በአማርኛ፣ እሱ በኦሮምኛ ተርጉመን ጎን ለጎን እንድናነበው ፈለገ። ሰውዬውን የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከአንድ አንቀጽ ነው፤ ነገሥታትን የተሳደበ፣ ድሆች ያነበቡት፣ “ለፈተና አይመጣም” ተብሎ የታለፈ። እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ከልብ የምሠራው ነገር ካጣሁ ቆይቻለሁ መሰለኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ባሌ ሽብሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዘንድሮ የክፍል ኃላፊነት ይጠብቃል። ቤቱ ውስጥ የፖለቲካ ሰው ስም እንዳይጻፍ ይፈልጋል።

“ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል” ስለው፣ “የሞቱትም ያሳስራሉ” አለኝ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ኦብሳ ስለ ሰውዬው ሕይወት ያተመልኝን ወረቀት በሻማ አነበብኩ።

አባቱ ኮርሴት ሰፊ ነበር። ኮርሴትን ልተረጉም ብዬ ደከምኩ። የሴት ወገብ አጥብቆ የሚይዝ፣ በዓሣ ነባሪ አጥንት የተወጠረ ልብስ። ለኦብሳ ስነግረው “መቀነት በይውና እለፊ” አለኝ። መቀነትን እኮ የምታስረው ራሷ ሴቲቱ ናት። ይኼኛውን ሌላ ሰው ነው ከጀርባ ቆሞ የሚያጠብቅላት።

ልጁም ያንኑ ሙያ ያዘ፤ አልሆነለትም። ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ፤ ሁለት ጊዜ አባረሩት። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞተች፤ ከሁለተኛዋ ተለያየ። የትንባሆ ሱቁን ዕቃ ሸጡበት። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ምንም የሌለው ሰው ሆኖ መርከብ ተሳፈረ፤ ታሞ ስለነበር ሲደርስ ተሸክመው ነው ያወረዱት። ከዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ የጻፈው ጽሑፍ አገር አነቃነቀ።

እኔም ሠላሳ ሰባት ነኝ። እኔን ማንም ተሸክሞ አላወረደኝም፤ ያነቃነቅኩትም የለም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ኦብሳ ቤት መጣ። ሽብሩ ሳሎን ኳስ እያየ ነበር፤ ድምፁን ቀነሰው። ለእንግዳ ክብር መሰለኝ።

በአንድ ቃል ተጣላን። “ዜጋ” ብዬ የጻፍኩት ላይ ኦብሳ ጣቱን አሳረፈ።

“ይህ ቃል ድሮ ምን ማለት እንደነበር ታውቂያለሽ?”

አውቃለሁ። የታሪክ መምህሩ አንድ ጊዜ አጫውቶኛል፤ በጎጃምና በጎንደር የጥንት የመሬት ጽሑፎች ዜጋ ማለት በሰው መሬት ላይ የሚሠራ፣ የራሱ ርስት የሌለው ገባር ነው። የአባቴ አገር ቃል።

“እና ነፃ ሰው ነህ ለማለት ጭሰኛ ነህ ልንለው ነው?” ብሎ ሳቀ።

አናደደኝ። “የአንተስ? ‘ላሚ’ ብለሃል። ላሚ ወገን ማለት ነው፣ ዘመድ። ዘመድ ያልሆነውስ ምን ይሁን? እኔ እዚህ ነቀምቴ ተወልጄ፣ እዚህ ተምሬ፣ እዚህ ወልጄ፣ እስከ ዛሬ ‘አገርሽ የት ነው’ እባላለሁ።”

“ልክ ነሽ” አለኝ። “ሁለታችንም ቃል የለንም። እንደዚሁ እናንብበውና ጉድለቱን ለተማሪዎቹ እንንገራቸው።” ኦብሳ አማርኛው ሲፈጥን ወንድና ሴቱን ያምታታል፤ ዛሬ ንጉሡን “እሷ” ብሎ አስቆኛል። እንዲህ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

እራት ላይ ሽብሩ “ንባቡ መቼ ነው ያላችሁት?” አለኝ።

“ዓርብ።”

“ጽሑፉን የመረጠው እሱ ነው አይደል?”

“አዎ።”

“ጥሩ” አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

አነበብን። አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኦብሳ እየጮኸ ነው ያነበበው። እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሥልጣን በውርስ አይተላለፍም፤ የሚገዙን ሰዎች የእኛ ተቀጣሪዎች ናቸው፤ የቀጠረ ያሰናብታል። በአማርኛ ሲነበብ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ተማሪ ተነሣና “ታዲያ እኛ ማንን ነው ማሰናበት የምንችለው?” አለ።

ኦብሳ “እሱን የምትመልሰው አንተ ነህ” አለው።

አጨበጨቡ። ዲኑ አቶ ተረፈ አላጨበጨቡም። ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

አቶ ተረፈ አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። አቶ ተረፈ ሻይ አዘው አያውቁም።

“ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ቅሬታ መጥቷል። ከየት እንደመጣ አይጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ጽሑፉን ማን አመጣው?”

“መምህር ኦብሳ” አልኩ።

“ሐሳቡም የእሳቸው ነው?”

“እሱ ነው ያመጣው።”

“እርስዎ እንግዲህ የተሰጠዎትን ነው የተረጎሙት።”

ሻዩን ጠጣሁ።

ሐሰት አልተናገርኩም። ያመጣው እሱ ነው፤ ይህን ኦብሳ ራሱ ቢጠየቅ አይክድም። ሌላ ምን ማለት ነበረብኝ? የተጠየቅኩትን መለስኩ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ኦብሳ በቢሮው በር “አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሲና” ብሎኝ ገባ። እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ደኅና አልኩት። አቶ ተረፈ እንዳስጠሩኝ ልነግረው ነበር፤ ተማሪ ገባብን። ከሰዓት እነግረዋለሁ አልኩ። ከሰዓት ፈተና ነበረኝ።

ሐሰት አልተናገርኩም።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ወሰዱት። ጠዋት ከቤቱ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። “ለጥቂት ጥያቄ” ብለው። እህቱ ሐዊ በዝናብ ሮጣ መጣች፤ ሱቋን እንኳ አልዘጋችም። ነጠላዋ በስብሶ ነበር። ግቢ ብላት አልገባችም። “አንቺ ከእሱ ጋር ነበርሽ፤ ምን አጠፋ? ሂጂና ንገሪያቸው” ትለኛለች። “እሺ፣ እሺ” እላለሁ።

ሽብሩ ለምሳ ሲገባ ገና አፌን ሳልከፍት “ሐዊ መጣች?” አለኝ።

መንገድ ላይ አግኝቷት ይሆናል።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ኦብሳ አልተፈታም። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ሰውዬውን ሳነብ ዋልኩ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም።

ከአሜሪካ በኋላ ፈረንሳይ ሄደ። ፈረንሳዮች የሸንጎ አባል አደረጉት፤ ቋንቋቸውን አይችልም ነበር፤ ንግግሩን ሌላ ሰው ነው ያነበበለት። ሸንጎው ንጉሡን ሊገድል ተቀመጠ። ዕድሜውን ነገሥታትን ሲቃወም የኖረ ሰው ተነሣና አይገደል አለ። ንግሥናው ይቅር፣ ሰውዬው ግን አሜሪካ ተሰዶ ይኑር አለ። አልሰሙትም። ንጉሡን ገደሉ፤ ቆይተው እሱን አሰሩት።

የሚያበሳጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በዚያው ከተማ የአሜሪካ መልእክተኛ ነበር። “ይህ ሰው የእኛ ነው፤ ልቀቁት” ብሎ ከልቡ ቢሟገት ይፈቱት ነበር ይባላል። ለወጉ ያህል ጠየቀ። ፈረንሳዮቹ “የእኛ ዜጋ ሆኗል” ሲሉት አልተከራከረም። ቀድሞውንም አይወደውም ነበር። ሰውዬው ወራት ሙሉ እስር ቤት በትኩሳት ነደደ፤ መልእክተኛው ከቤቱ እራት ይበላል። ሐሰት ተናገረ የሚል ማንም የለም። ሰውዬው የተወለደው እንግሊዝ ነው፤ ፈረንሳይ ዜግነት መስጠቷም እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተኝቶ ያድራል?

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ምሳ ቋጥሬ ኦብሳ ወደታሰረበት ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ ስም ይመዘግባሉ። ማዕዘኑ ጋ ቆሜ ሐዊን ጠበቅኳትና ሰጠኋት። “ለምን ራስሽ አታስገቢለትም?” አለችኝ። ሲና ብቻዋን ናት አልኳት። ሲና ትምህርት ቤት ነበረች።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ለፈተና እርማት ሲሬ ተላክሁ። አቶ ተረፈ “አየር ይለውጡ” አሉኝ፤ እንደ በሽተኛ። ስመለስ ዝናቡ ስለበረታ ሚኒባስ እስኪሞላ ከአንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱን፣ የኮሌጃችን መምህር የሆነውን ንጋትን፣ በድምፁ ለየሁት፤ ሌላውን አላወቅሁትም።

“ኦብሳ ብቻ ለምን ተያዘ? እሷም አብራ አንብባለች እኮ።”

“የሽብሩ ሚስት ናት። ሽብሩ ቀድሞ ሄዶ ጨርሶላታል።”

“እንዴት ጨረሰላት?”

“እንዴት ይመስልሃል? ሰው ይዘህ ካልሄድክ ሰው አታስጥልም።”

ሂሳቤን ትቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ደመናውን አየሁ። ሰው የማያውቀውን ያወራል። ነቀምቴ ወሬ ትወዳለች። ሽብሩ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ይህን ግን አያደርግም።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጠየቅኩት። ሲና ጓደኛዋ ቤት ነበረች። ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር፤ ካውያውን ሳያነሣ መለሰልኝ።

“ማን ነገረሽ?”

“አደረግከው ወይ ነው ያልኩህ።”

“ሁለት ሰው ነበር የሚያዘው። አንዱን አወጣሁ።”

“ምን ብለህ?”

“እሱ ነው ያመጣው፣ እሷ የተሰጣትን ተረጎመች ብዬ።”

“ማን ጠየቀህ? ማን ሂድልኝ አለህ?”

አሁን ካውያውን አቆመው። “ምንትዋብ፣ የሄድኩት ከንባቡ በፊት ነው። ይህ ነገር እንደማያልፍ አውቄ። በኋላ ለማጣራት አቶ ተረፈን ጠየቋቸው፤ እሳቸው አንቺን ጠየቁሽ። አንቺ ምን አልሽ?”

“እውነቱን ነው የተናገርኩት።”

“እኔም እኮ እውነቱን ነው። ቃላችን አንድ ሆኖ ስላገኙት ነው ያመኑን።” ቀጥሎ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ተባብረን ነው ያተረፍንሽ” አለኝ።

ተባብረን። ሸሚዙን ጨርሶ ሰቀለው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

አላነጋግረውም። እሱም አላስቸገረኝም፤ ታጋሽ ነው። ንዴቴ እንደሚያልፍ ያውቃል።

ሰውዬው ከሞት እንዴት እንደተረፈ ራሱ የተናገረውን አነበብኩ። በማግሥቱ የሚገደሉ እስረኞች በር ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ ነበር። የእሱ ክፍል በር ያን ቀን ወደ ውጭ ተከፍቶ ነበርና ምልክት አድራጊው በውስጠኛው ገጽ ላይ አሰመረ። ማታ በሩ ሲዘጋ ምልክቱ ወደ ውስጥ ዞረ። ገዳዮቹ ሲመጡ ባዶ በር አይተው አለፉ።

ያተረፈው ወዳጅ አይደለም። በር ነው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

መጀመሪያ አቶ ተረፈ ዘንድ ገባሁ። “ጽሑፉን አብረን ነው የመረጥነው። ቃሌ ይስተካከልልኝ” አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ልጅዎን ያሳድጉ።”

ከዚያ ኦብሳ ወዳለበት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ማዕዘኑ ጋ አልቆምኩም። ገባሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ወጣት ነው፤ ተማሪዬ ሊሆን ይችል ነበር።

“ስለ መምህር ኦብሳ ነው። ንባቡ የሁለታችን ነው። አማርኛውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።”

“አንቺ ላይ የቀረበ ነገር የለም።”

“እኔው እያቀረብኩ ነው።”

ፈገግ አለ። “የማን ባለቤት ነሽ?”

መለስኩ። ለምን መለስኩ? ስልክ አነሣና በኦሮምኛ ጥቂት ተናገረ። “ኮቱ፣ ፉዲ” ሲል ሰማሁ፤ ና፣ ውሰዳት። እንደ ጠፋ ዕቃ። ሽብሩ በባጃጅ መጣ። ሰውዬውን አመሰገነ፣ ስለ መታወኬ ይቅርታ ጠየቀ። “እንቅልፍ አጥታ ነው” አለው። ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ አላጠበቀም፣ ግን አልለቀቀም። ግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ሐዊ ከእነሱ መካከል ነበረች። አየችኝ።

የተናገርኩትን አንድም ቃል ማንም አልጻፈውም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሰውዬው አርጅቶ አሜሪካ ተመለሰ። በሚኖርባት ከተማ ሊመርጥ ሄደ። ምርጫውን የሚቆጣጠረው ሰው “አንተ ዜጋችን አይደለህም” ብሎ መለሰው። ምክንያቱስ? ያኔ ፓሪስ ስትታሰር መልእክተኛችን የእኛ ነው አላለህም። አንድ ሰው ዝም ስላለ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላው ዝምታውን ማስረጃ አደረገው።

ሃይማኖትን የሚነቅፍ ነገር ጽፎ ስለነበር ሰዎች መንገድ ላይ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር። ሲቀበር የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከዓመታት በኋላ አንድ አድናቂ ለታላቅ መታሰቢያ ብሎ አጥንቱን ቆፍሮ ወደ እንግሊዝ ወሰደው፤ መታሰቢያው አልተሠራም፣ አጥንቱም ጠፋ።

ይህን ለኦብሳ ብነግረው ይስቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ ማንበብ በኋላ የምነግረው ሰው አንድ እሱ ነው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሽብሩ ኃላፊነቱን አገኘ። ጓደኞቹ ሥጋ ይዘው መጡ። ጠበስኩ። አቀረብኩ። አንዱ “ወይዘሮ ምንትዋብ ጠፋችብን” ሲል ሳቅኩ። ሳቄ ራሴን ገረመኝ፤ ደኅና ሳቅ ነበር።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ኦብሳ ትናንት ወዲያ ተፈታ። ክስም ይቅርታም የለም፤ “ሂድ” ነው የተባለው። ኮሌጁ ግን አልመለሰውም፤ አርጆ ሁለተኛ ደረጃ እንዲያስተምር ተመደበ። ዛሬ እንደሚሄድ ከዘበኛው ሰማሁና ለሽብሩ ሳልነግር መናኸሪያ ሄድኩ።

ከስቷል። ፀጉሩን ላጭተውታል፤ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። ሐዊ ጃንጥላ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

“ማሎ ሃዳ ሲና፣ እባክሽ በዚህ ዝናብ ምን አወጣሽ?” አለኝ፤ እንደ ድሮው።

“ልሸኝህ ነው።”

“አርጆ እኮ ቅርብ ናት። ብርዷ ነው እንጂ።” ሲናን ጠየቀኝ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳለፈች ስነግረው እውነተኛ ደስታ ፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ። አማርኛውም የእኔ ነው ብያቸዋለሁ።”

“ምኑ?”

“ትርጉሙ። የያዙኝ ዕለት ‘አማርኛውን ማን ሠራው’ አሉኝ። ‘እኔ፤ እሷ በድምፅ ብቻ ነው ያነበበችው’ አልኳቸው። ሥራሽን ሰረቅኩሽ። ምን ላድርግ፣ አንቺ ልጅ አለሽ።” ሳቀ። “ደግነቱ አማርኛዬን የሚያርም ሰው እዚያ አልነበረም።”

እሱ ዋሽቶ አትርፎኛል። እኔ እውነቱን ተናግሬ አስይዤዋለሁ። ሽብሩ ቀድሞ ሄዶ የተናገረው፣ እኔ ለአቶ ተረፈ የመለስኩት፣ በኋላም ለዚያ ለወንበሩ ሰው ያልኩት ሁሉ ለምንም ያላስፈለገ ነገር ነበር።

ረዳቱ “አርጆ፣ አርጆ” ይላል። ኦብሳ ሻንጣውን አነሣ።

“አንቺንስ ጠየቁሽ? እሱ ነበር የሚያስጨንቀኝ።”

ሐዊ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

“አልጠየቁኝም” አልኩት።

“ተመስገን” አለና ተሳፈረ። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር፤ በእጅጌው ጠርጎ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩ።

አውቶቡሱ ከበሩ ሲወጣ ሐዊ ተናገረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

“ለአቶ ተረፈ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።”

“ለምን?” አልኳት።

“አርጆ ማንንም አያውቅም። የሚያስባት አንዲት ደግ ሰው ትኑረው ብዬ ነው።”

ጃንጥላዋን ቀና አድርጋ ወደ ሱቋ መንገድ ጀመረች። ዝናቡ በርትቶ ነበር። ከጃንጥላው ሥር ግቢ አላለችኝም።